የጓሮዋ ዶሮ፦ ወዳጅ ወይስ ወጥ?

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ግቢያችሁ ውስጥ ጭራ የምታድረው ዶሮ ምናችሁ ናት?

ጥያቄው የዋዛ ይመስላል። ዶሮ ዶሮ ናት፤ እንቁላል ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ በዓል ሲደርስ ትታረዳለች፣ አለቀ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩልንን ቪዲዮ ያየ ሰው ግን በዚህ መልስ አይረካም። አሜሪካ ውስጥ ዶሮ ስም የሚወጣላት፣ ስትታመም ሐኪም ዘንድ የምትወሰድ፣ አርጅታ ስትሞት ጓሮ ውስጥ የምትቀበርበት ቤት ብዙ ነው። ብዙ ከተሞች ጥቂት ሴት ዶሮዎች ማርባትን ይፈቅዱና አውራ ዶሮን ይከለክላሉ፤ ጥፋቱ መጮሁ ነው። ግቢ ውስጥ ማረድንም የሚከለክሉ አሉ። እንግዲህ የዚያ አገር የጓሮ ዶሮ ካራ የለባትም፣ ባልም የላትም። ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

እኛ ዘንድ ደግሞ የዶሮ ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚታየን ድስቱ ነው። ፒያሳ ላይ የነበረው፣ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ሰፈር ስሙ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈር በዶሮ አሟሟት በተሰየመባት ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ዶሮ ወዳጅነት መጻፍ ትንሽ ያስቃል። ቢሆንም ልጽፍ ነው። ምክንያቱም ነገሩን ስቆፍረው ያገኘሁት ታሪክ «ወዳጅ» ከሚሉትም «ወጥ» ከሚሉትም ጋር አልገጠመልኝም። ይህ አለመግጠም ደግሞ ዛሬ በየገጠሩ እየታደለች ካለችው የተሻሻለች ዶሮ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው።

ከመነሻዋ እንጀምር። በመላው ዓለም ያለችው ዶሮ የዘር ግንዷ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተሙ ጥናቶች ቀደም ሲል ለዶሮ ተሰጥተው የነበሩ ረጃጅም ዕድሜዎችን አብዛኛውን ውድቅ አድርገዋል። እነሱ እንደሚሉት ለማዳ ዶሮ መሆኗ የማያጠራጥረው የመጀመሪያዋ ዶሮ የተገኘችው ታይላንድ ውስጥ ባን ኖን ዋት በሚባል ቦታ ነው፤ ዕድሜዋም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ምን አመጣት? እህል። ሰዎች በዝናብ የሚበቅል ሩዝና ዳጉሳ መሰል እህል መዝራት ሲጀምሩ የጫካዋ ወፍ ፍርፋሪውን ፍለጋ ከዛፍ ወርዳ ወደ መንደር ቀረበች። አሳዶ የያዛት ሰው አልነበረም፤ በእግሯ ነው የመጣችው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ያሉት አባቶቻችን ሳያውቁት የዶሮን የሦስት ሺህ ተኩል ዓመት ገደማ ታሪክ በሦስት ቃል ዘግተውታል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚገርመው። ዶሮ ወደ አዲስ አገር ስትገባ መጀመሪያ ላይ አትበላም። አውሮፓ የደረሰችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 ገደማ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ብዙዎቹ ያልተገነጠሉ ናቸው። ዶሮዋ ሙሉ እንዳለች ተቀብራለች፤ የቢላ ምልክት የለባትም፤ አንዳንዷ አርጅታ የሞተች ናት። እግሩ ተሰብሮ የዳነ አውራ ዶሮ ሳይቀር ተገኝቷል። እግሩ የተሰበረን ዶሮ እኛ ምን እንደምናደርገው ታውቃላችሁ። እዚያ ግን አንድ ሰው ያንን ዶሮ እስኪድን ጠብቆታል፣ አብልቶታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 እና በ54 ሁለት ጊዜ ወደ ብሪታኒያ የዘመተው ዩልዮስ ቄሣርም ስለ አገሬው ሰዎች ሲጽፍ ጥንቸል፣ ዶሮና ዝይ መብላትን እንደ ነውር ይቆጥሩ እንደነበርና እነዚህን የሚያረቧቸው ለደስታቸው እንደሆነ ይናገራል። የአሜሪካው ጓሮ አዲስ ነገር አላመጣም ማለት ነው።

የሮማ ሰዎች ደግሞ ዶሮን አማካሪ አድርገዋት ነበር። ጦር ከመግጠማቸው በፊት ለተቀደሱ ዶሮዎች እህል ይበተናል፤ ከበሉ መልካም ምልክት ነው፣ እንቢ ካሉ ጦርነቱ ይቆያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ249 ሲሲሊ አጠገብ ድሬፓና ላይ ከካርታጎ ጋር ሊዋጋ የተሰናዳው አዛዥ ፑብሊዮስ ክላውዲዮስ ፑልኸር ዶሮዎቹ አልበላም ቢሉት «እንግዲያው ይጠጡ» ብሎ ባሕር ውስጥ ወረወራቸው ይባላል። ዶሮዎቹ መጠጣታቸው አልተመዘገበም፤ የእሱ መሸነፍ ግን ተመዝግቧል።

ዶሮ በገፍ የተበላችበት የመጀመሪያው ቦታ ተብሎ የሚጠቀሰው ዛሬ እስራኤል ውስጥ የሚገኘው ማሬሻ የተባለ የጥንት ከተማ ነው፤ ጊዜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአራተኛው እስከ ሁለተኛው ምዕተ ዓመት። እዚያ የዶሮው አጥንት ብዙ ነው፣ የቢላ ምልክት አለበት፣ ሴቶቹም ከወንዶቹ ይበዛሉ። ይህ ለማዕድ የተያዘ የዶሮ ርባታ ነው። ዶሮ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

የእኛዋስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል፣ ከአክሱም ሥልጣኔ በፊት ገበሬዎች ይኖሩበት በነበረ መንደር በተደረገ ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። አርኪዮሎጂስቷ ሕሊና ወልደኪሮስ ከካትሪን ዳንድሪያ ጋር ባሳተመችው ጥናት አጥንቱ በቀጥታ ተመርምሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ገደማ የሚደርስ ዕድሜ ተገኝቶለታል። ከአፍሪካ የጥንት የዶሮ ማስረጃዎች ቀደምቶቹ መካከል ነው። ዶሮ ወደ እኛ የገባችው አውሮፓ በገባችበት ዘመን አካባቢ ነው ማለት ነው፤ የአክሱም ሐውልቶች ገና አልቆሙም።

እዚህ አገር ከገባች በኋላ ምን ሆነች? እንደ ብሪታኒያ ዶሮ ተከብራ አልተቀበረችም፤ እንደ ማሬሻም በገፍ አልተበላችም። ብዙ ሥራ ተሰጣት።

አንደኛው ሥራ ሰዓት መሆን ነው። ሰዓት በሌለበት ቤት ሌሊቱን የሚከፋፍለው አውራ ዶሮ ነበር። መንገደኛ የሚነሳው፣ እህል የምትፈጭ ሴት ወፍጮ ላይ የምትቀመጠው፣ ቄሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በዶሮ ጩኸት ነው። የትንሣኤ ጾምም የሚፈታው «ዶሮ ሲጮህ» ነው። ጴጥሮስን ያስለቀሰው ያው ጩኸት የ55 ቀኑን ጾም ይዘጋል፤ የሚጮኸው ዶሮ ወንድም ግን ያን ሰዓት ድስት ውስጥ ነው። ይህን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ለዶሮው አዝናለሁ፤ ከዚያ እበላለሁ።

ሁለተኛው ሥራዋ ከመልኳ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ነገር ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? በሬ ስም አለው፣ ላም ስም አላት፣ ውሻም ስም አለው። ዶሮ የላትም። ነገር ግን ባለቤቷ ስትጠራት «ቀይዋ»፣ «ነጯ»፣ «ገብስማዋ»፣ «ወሰራዋ»፣ «መላጣዋ» ትላለች። መልኩ ስም ሆኗል። የዶሮ ዘር ያጠኑ የአገራችን ሳይንቲስቶችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአገር ውስጥ ዶሮዎችን ሲመድቡ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኙም፤ ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማ፣ ነጭ ብለው ነው የጻፉት። ገበያ ላይም ዋጋ የሚያወጣው መልክ ነው። ቀይ አውራ፣ በዚያ ላይ ኩክኒው ድርብ ከሆነ፣ ሻጩ ዋጋ አይቀንስም። ነጠላ ኩክኒ ያለው ጥቁር ዶሮ ግን ሥጋው እኩል ሆኖ ሳለ ገዢ እስኪያገኝ ይከርማል።

የሥጋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን መልክ ምን ያደርጋል? ጭዳ ስለነበረ ነው። ዛር ያለበት ቤት ዶሮ በመልክ ትታዘዛለች፤ ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ገብስማ፣ ለሌላው ጥቁር። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ጅቡቲ ተልዕኮ ጋር ጎንደር የከረመው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በመልካም አየሁ ቤት ያየውን የዛር ሥርዓት ቀን በቀን መዝግቦ ነበር፤ መዝገቡ በታረዱ ዶሮዎች የተሞላ ነው። ዛሬ በዛር የማያምነውም ሰው በዓል ሲመጣ «ቀይ ካልሆነ አልገዛም» ይላል። ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ አያውቅም። (ከዛር ጋር ላገናኝባችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ቀይ ያምራል ካላችሁም ጥሩ።)

አለመብላትም አለ። ጂኦግራፈሩ ፍሬደሪክ ሲሙንስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት በአፍሪካ ቀንድ የዶሮ ሥጋና እንቁላል የማይበሉ ብዙ ሕዝቦች እንደነበሩ አሳይቷል። በተለይ ከብትና ግመል የሚያረባ ሰው ዶሮን ይንቃት ነበር። አንዳንዱ ዶሮ እያረባ አይበላትም፤ ይሸጣታል ወይም ሌሊቱን ትነግረዋለች። «ዶሮ ያለው ሁሉ ዶሮ ይበላል» የሚለው ነገር በእኛ አገር እውነት ሆኖ አያውቅም።

ዶሮ ወጥ ግን አለ አይደለም እንዴ? አለ እንጂ! አንዲት ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ትወጣለች፤ ይህንን ቆጥራ የማታወጣ ሙሽራ በአማቷ ፊት ወየውላት ይባል ነበር። ፈረሰኛው ለአባወራው፣ መላላጫና ቅልጥሙ ለእንግዳው፣ አንገቱ ለልጅ። ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲቁላላ ይውላል፤ ሥጋው በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ሰው በየሳምንቱ ለሚበላው ነገር እንዲህ አይለፋም። ጿሚ ቤተሰብ በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል፤ በቀረውም ቀን ቢሆን ሽሮው ነው የሚቀርበው። አምስት ዶሮ ያላት የገጠር ሴት በዓመት የምታርደው አንድ ወይም ሁለት ነው። ራሷ አታርድም ደግሞ። በልማድ ማረድ የወንድ ነው፤ ባል ከሌለ የጎረቤት ልጅ ይጠራል፣ እሱም ከሌለ መንገደኛ ይለመናል። ጥሬ ሰጥታ፣ ከጭልፊት ጠብቃ፣ ከሽለምጥማጥ አስጥላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ካራው ግን በሌላ እጅ ነው። ሥርዓቱን ያወጡት ይህን አስበው ይሁን አይሁን መናገር አልችልም። ለእኔ ግን በዚያ ልማድ ውስጥ አንዳች የማዘን ነገር ይታየኛል።

ታዲያ ዶሮዋ ለማን ነበረች? ለሥራ ጉዳይ ሰሜን ሸዋ ሄጄ አንዲት እናት ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ ነበር። ዶሮዎቹ ከእግራችን ሥር ቄጤማውን ይጭራሉ።

«እማማ፣ የእርስዎ ናቸው ወይስ የባለቤትዎ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «በሬው የእሱ፣ ዶሮዋ የእኔ። ጨው ባለቀ ቁጥር እሱን ስለምን ልኑር እንዴ ልጄ?»

መልሱ ይኸው ነው። የጓሮዋ ዶሮ ለብዙ ሺህ ቤት የሴቲቱ የግል ቦርሳ ናት። መሬት በባል ስም፣ ከብት በባል ስም በነበረበት ዘመን ማንም ሳይጠይቃት ገበያ ወስዳ የምትሸጠው ዶሮና እንቁላል ነው። ጨው፣ በርበሬ፣ የልጅ ደብተር፣ የዕድር መዋጮ ከዚያ ይወጣል። ልጅም ሀብት የሚጀምረው በቄብ ዶሮ ነው፤ ቄቧ ትወልዳለች፣ ጫጩቶቹ ተሸጠው በግ ይሆናሉ፣ በጓም ጥጃ ትሆናለች፤ ፈንግል ካልገባ። ፈንግል የገባ እንደሆነ ግን በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። «ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ስንል አፋችን የለመደው ቆጥ የዶሮ ማደሪያ መሆኑን የከተማ ልጅ ረስቶታል። የገጠር ዶሮ የምታድረው እኮ ከቤተሰቡ ጋር፣ እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ከአልጋችሁ ሦስት ክንድ ርቃ የምታድር ፍጡር «ምግብ» ብቻ ናት ለማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ፈረንጅ ዶሮ እንምጣ። ዶሮን ለሁለት የከፈላት፣ አንዷን ወዳጅ ሌላዋን ሥጋ ያደረጋት ታሪክ የተፈጸመው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ከእስያ የመጡ ትልልቅ ላባማ ዶሮዎች ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀርበው ሀብታሙ ሁሉ አበደ። በ1849 ቦስተን ላይ የዶሮ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ለአንድ ጥንድ ዶሮ የማይታመን ገንዘብ ይከፈል ጀመር። ነገሩ «የዶሮ ትኩሳት» ተባለ፤ ከነጋዴዎቹ አንዱ ጆርጅ በርናም በ1855 በዚያ እብደት ላይ የሚያፌዝ መጽሐፍ ጻፈ፤ እሱ ራሱ ከትኩሳቱ ካተረፈ በኋላ ነው ታዲያ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በየግድግዳው ለቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ ሁለት ዶሮ አርቡ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። የጓሮ ዶሮ የአገር ፍቅር ግዴታ ሆና ነበር።

ከዚያ 1923 መጣ። በዴላዌር የምትኖር ሴሲል ስቲል የምትባል ሴት ለእንቁላል ብላ 50 ጫጩት አዘዘች፤ በስህተት 500 ተላከላት። አልመለሰችም። አሳደገቻቸውና ለሥጋ ሸጠቻቸው፤ አተረፈችም። በ1926 አሥር ሺህ ዶሮ የሚይዝ ቤት ሠርታ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ «የነገዋ ዶሮ» የሚባል ውድድር ተደርጎ ደረተ ሰፊ፣ ፈጥና የምታድግ ዶሮ ተመረጠች። የዛሬዋ የሥጋ ዶሮ በሰባት ሳምንት ገደማ ለቢላ ትደርሳለች፤ ማንም አያያትም፤ የምትኖረው በሺዎች በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። የሥጋው ሥራ በሙሉ ለእሷ ስለተሰጠ የጓሮዋ ዶሮ ከሥራ ወጣች፤ ሥራ የሌላት ዶሮ ደግሞ ወዳጅ ሆነች። እዚያ ያለችው ባለስም ዶሮ ዕድሜ ያገኘችው ስም በሌላቸው ዶሮዎች ሞት ነው። ይህንን የምለው ዶሮ የሚወዱ ሰዎችን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን «እኛ ዶሮ እንወዳለን፣ እናንተ ታርዳላችሁ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ሱፐርማርኬታቸው ትዝ ይለኛል።

ወደ እኛ የተሻሻለችው ዶሮ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ በዓለማያና በጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርን የሚባሉት። ለብዙ አሥርት ዓመታት ገጠር ውስጥ ሥር አልሰደዱም። ከ2010 ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ሳሶ የምትባለዋ የፈረንሳይ ዝርያ በግል ኩባንያ በገፍ ትፈለፈል ጀመር፤ በየወረዳው ያሉ ወኪሎች የአንድ ቀን ጫጩት ወስደው 45 ቀን አካባቢ አሳድገው ለገበሬው ይሸጣሉ። መልኳ ቀይ መሆኑ እንግዳ እንዳትመስል ረድቷታል ብዬ እገምታለሁ። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር አለ።

እንቁላል ይብዛ የሚለውን አልቃወምም፤ የሚቃወምም አእምሮ ያለው ሰው የለም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ትናንሽ እንቁላል ነው፤ የተሻሻሉት የዚያን ብዙ እጥፍ ይጥላሉ። ልጅ እንቁላል ያስፈልገዋል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በዚህ አቆጣጠር ዶሮ ማለት እንቁላልና ኪሎ ብቻ ሆናለች፤ ቦርሳነቷ አልተቆጠረም። የሐበሻ ዶሮ ትታቀፋለች፤ በ21 ቀን ጫጩት ታወጣለች፣ ከጭልፊት ጋር ትዋጋለች፣ ያለ መኖ ጭራ ታድራለች። ሴትየዋ ለቀጣዩ ትውልድ ለማንም ሳንቲም አትከፍልም። እንዲያውም ዶሮዋ አለልክ ልታቀፍ ስትል ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት ወስደው ያስረሷታል። ዲቃላዋ ግን ለመታቀፍ ብዙም ግድ የላትም፤ ብትታቀፍም ጫጩቶቿ እሷን አይተኩም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከወኪል ይገዛል፣ መኖ ይገዛል፣ ክትባት ይገዛል። ገንዘብ መውጣት ሲጀምር ደግሞ ሒሳቡን ማን እንደሚይዝ ቤታችሁን ታውቁታላችሁ። «በሬው የእሱ፣ ዶሮዋ የእኔ» የሚለው ድንበር የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ ያፈረስኩ ነኝ የሚልም አይገኝም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል አለ። ቢሾፍቱ በሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሆሮ ዶሮን፣ የራሳችንን ዶሮ፣ ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ የማሻሻል ሥራ ተሠርቷል። እንቁላሏ ጨመረ፣ ክብደቷ ጨመረ፣ መጣል የምትጀምርበትም ጊዜ አጠረ። የባሕር ማዶ ዝርያ ያገኘውን ያህል ትኩረትና ገንዘብ ግን አላገኘም።

በነገራችን ላይ አማርኛ ለዚህ ሁሉ ክርክር ቃል የለውም። ፈረንጆቹ ለሚወዱት እንስሳ አንድ ስም፣ ለሚበሉት ሌላ ስም አላቸው። እኛ ዘንድ ላሟም፣ ውሻውም፣ ድመቷም፣ ዶሮዋም «የቤት እንስሳ» ናቸው። ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ይህ ቤት ጠበበ፤ ማረጃው ኮሚናል ተባለ፣ ዶሮውም ለሁለት ቀን በረንዳ ላይ ይታሰርና በሦስተኛው ቀን ይወርዳል። አንድ አውራ ዶሮ ከሺህ ብር በላይ በሚያወጣበት በዚህ ጊዜ ያችን ሁለት ቀንም የሚያገኝ ቤት እያነሰ ነው። ልጆች በሁለቱ ቀን ውስጥ ስም ያወጡለታል፤ ከዚያ አልበላም ይላሉ፤ እናት ትቆጣለች፣ አባት ይስቃል።

በሚቀጥለው ገበያ ዶሮ ተራ ስትሄዱ ግን ከገጠር የመጣች ገዢ ቄብ ስትመርጥ ቆማችሁ አድምጡ። ኪሎዋን አትጠይቅም። ላባዋን ገልጣ ታያለች፣ ኩክኒዋን ታያለች፣ ከዚያ ሻጩን «የማን ልጅ ናት? እናቷ ትታቀፍ ነበር?» ትለዋለች።

የዶሮ መልክ ስም በየአገሩ ይለያያል። በእናንተ አካባቢ ያለውን ጻፉልኝ፤ እየሰበሰብኩ ነው።